የጭስ ላብ

እማማ የብረት ምድጃውን የገዙት ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። አንድ ከአገር የሚወጣ ፈረንጅ የቤት ዕቃውን ሲሸጥ ሌላው ሰው ፍሪጅና አልጋ ይሻማ ነበር። እሳቸው ግን ይህን አራት ሰው ተረዳድቶ የሚያነሣውን ጥቁር የብረት ሣጥን መርጠው በጋሪ አስጭነው መጡ። ፊቱ ላይ የመስተዋት በር አለው፤ አናቱ ላይ ደግሞ ጭሱ የሚወጣበት ክብ ቀዳዳ።

እማማ የምላቸው እናቴ ሆነው አይደለም። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው እንዲሁ ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ነፋስ ስልክ ውስጥ አንድ አሮጌ ቪላ ይዘው ብቻቸውን ይኖራሉ። ሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ ከድንጋይ የታነጸ እሳት ማንደጃ አለ። እሳቱ ሲነድ ታዲያ ሙቀቱ በጭስ ማውጫው ሽቅብ ይወጣል፤ ከጭሱ ግማሹ ተመልሶ ሳሎን ይገባል። እማማ አስም አለባቸው። ክረምት በመጣ ቁጥር ወይ ብርዱን ወይ ጭሱን መምረጥ ግድ ይሆንባቸዋል። የብረት ምድጃው ማንደጃው ውስጥ ገብቶ፣ በሩ ተዘግቶ ቢነድ፣ ሙቀቱ ለቤት ጭሱ ለሰማይ ይሆናል ብለው አሰቡ። አሳባቸውም ልክ ነበር።

ሥራውን ያመጣው ባልንጀራዬ ነው። ሴት ልጁ ስትወለድ ምጡ ጠንቶ ሚስቱ ልትሞት ደርሳ ነበር፤ ሁለት ቀን ከአጠገቧ ያልተነሡት እማማ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቧንቧቸው ቢያፈስም፣ የበራቸው ማጠፊያ ቢላላም እሱን ነበር የሚያስጠሩት። እሱም ጥሪያቸው ሲደርሰው የያዘውን ሥራ አስቀምጦ ይሄዳል።

እኔና እሱ አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቆርቆሮ የተከለለች ሱቅ ነበረችን። በር፣ መስኮት፣ አሸንዳ፣ ባልዲ፣ የከሰል ምድጃ፣ የመጣውን ሁሉ እንሠራለን። እኔ እበይዳለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እነጋገራለሁ። እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል። እሱ የቆረጠው ላሜራ ሲገጣጠም የወረቀት ውፍረት እንኳ አይሳሳትም። ንግግር ግን አይወድም። ደንበኛ ሲጨቃጨቅ ወደ እኔ በአገጩ ይጠቁምና ሥራው ላይ ያቀረቅራል። ትውልዱ አስመራ ነው፤ በአሥር ዓመቱ አባቱን ተከትሎ አዲስ አበባ መጣ፣ እዚሁ አደገ፣ የጉራጌ ልጅ አግብቶ እዚሁ ወለደ። በነዚያ ሁሉ ዓመታት የት እንደተወለደ ያሰብኩበትን ቀን አላስታውስም።

ልንለካ የሄድን ቀን እሱ ማንደጃው ውስጥ በጀርባው ተኛ፤ ሳሎን የቀረው እግሩ ብቻ ነው። እኔ ባትሪ አበራለታለሁ። ድንጋዩ ውስጥ ከታች እስከ ጣሪያው አናት ከሲሚንቶ የተሠራ የኤተርኒት ቱቦ ተቀብሯል፤ ጭሱ የሚወጣው በሱ ነው። ባልንጀራዬ ለእንዲህ ያለው ነገር ሜትር አያምንም። ሸምበቆ በቢላ እየቆረጠ በቱቦው አፍ ላይ እያጋደመ ልክ እስኪገጥም ሞከረ፤ አንዱን በቁመት፣ አንዱን በአግድም።

“ክብ አይደለም” አለ ከውስጥ ሆኖ። “በዚህ በኩል ሃያ ሳንቲም ነው፣ በዚህ በኩል አሥራ ዘጠኝ። ዕድሜ አጣሞታል።”

የምድጃው ቀዳዳ አሥራ አምስት ነው። ስለዚህ ከታች አሥራ አምስት ሆኖ የሚጀምር፣ እየሰፋ ሄዶ ከላይ ቱቦውን የሚይዝ ማገናኛ ከላሜራ መሥራት ነበረብን። እኛ “አንገት” አልነው። ያጣላን አንገቱ ከቱቦው ጋር እንዴት ይገጠም የሚለው ነገር ነው።

“ቀላል ነው” አልኩት። “የላይኛውን አፍ ከቱቦው ትንሽ ጠበብ አድርገን ወደ ውስጥ እናስገባዋለን። ዙሪያውን በሲሚንቶ መምረግ ነው።”

“አይሆንም። አንገቱ ቱቦውን ከውጭ ነው ማቀፍ ያለበት።”

“ቱቦው እኮ ድንጋይ ውስጥ ተቀብሯል። በምኑ ታቅፈዋለህ?”

“ዙሪያውን አንድ ጋት ያህል እንፈለፍልለታለን።”

“በዚህ ጉድጓድ ውስጥ? በጀርባችን ተኝተን? ሁለት ቀን ይፈጃል እኮ!”

“ይፍጅ። አሸንዳ ስንሠራ የላዩን በታቹ ውስጥ አይደለም እንዴ የምናስገባው?”

“አሸንዳ ውኃ ያወርዳል። ይሄ ጭስ ነው የሚያወጣው። ጭስ ወደ ላይ ስለሚሄድ የታቹ ነው በላዩ ውስጥ የሚገባው።”

እጁን በሱሪው ጠረገ። “ጭሱ ወደ ላይ ነው” አለ። “ላቡ ግን ወደ ታች ነው።”

እርጥብ እንጨት ሲነድ ጭሱ ቀዝቃዛውን ቱቦ ሲነካ ያልበዋል። ላቡ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ጥቁር ፈሳሽ ነው፤ በቱቦው ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። የላዩ ቱቦ በታቹ ውስጥ ከገባ ያ ፈሳሽ ተመልሶ ምድጃው ውስጥ ይወድቅና ይነዳል። የታቹ በላዩ ውስጥ ከገባ ግን በመገጣጠሚያው ሾልኮ ወደ ውጭ ይፈሳል። አሁን እንዲህ አሳምሬ ልናገረው እንጂ ያን ቀን እሱ ሲነግረኝ ሥራ ማስረዘሚያ ነው የመሰለኝ። ጭስ ያልበዋል ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ደግሞም እማማ ቸኩለዋል። የባለቤታቸው ሙት ዓመት የሚታሰበው እሑድ ነው፤ ዘመድ ከየክፍለ ሀገሩ ይመጣል። ሰው ሳሎን ሲገባ ምድጃው ነዶ እንዲያይላቸው ፈልገዋል።

ሐሙስ ዕለት ጠዋት የባልንጀራዬ ልጅ በኩፍኝ ታማ ወደቀች። ሐኪም ቤት ይዟት ሊሄድ ሲል በሱቁ በኩል አለፈ። ልጅቱ በጋቢ ተጠቅልላ እትከሻው ላይ ናት።

“ድንጋዩን መፈልፈሉ ከከበደህ ተወው” አለኝ። “ስመለስ እኔ እፈለፍለዋለሁ። እማማን እኔ እለምናቸዋለሁ፤ ሰኞ ቢደርስ ምንም አይሉም።”

“እሺ” አልኩት።

አልተውኩትም። እሱ ባስቀመጠልኝ የሸምበቆ ልክ ላሜራውን ቆርጬ፣ ጠቅልዬ፣ በይጄ አንገቱን ሠራሁ። የላይኛውን አፍ ጠበብ አድርጌ ቱቦው ውስጥ አስገባሁት፤ ዙሪያውን በሲሚንቶ መረግኩት። አንድ ቀን እንኳ ሙሉ አልፈጀብኝም። እውነቱን ልናገር ከተባለ፣ መቸኮሉ ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን እንኳ እሱ ሳይለካልኝ፣ እሱ ሳይፈርድልኝ አንድ ነገር ከዳር ማድረስ አምሮኝ ነበር።

ቅዳሜ ልጅቱ ትንሽ ሲሻላት እሱ መጣ። ማንደጃው ውስጥ አንገቱን አስገብቶ አየ።

“አስገባኸው?”

“አስገባሁት። ነዶ አይተነዋል። አንዲት ክር ጭስ አትወጣም።”

ሲሚንቶውን በጣቱ ነካ። “ክረምት ይምጣና እናያለን” አለ።

እሑድ እንግዳው ሁሉ ምድጃውን ከቦ አደነቀ። እማማ ከሰው መሐል ጠርተውኝ “እጅህ ይባረክ” አሉኝ። ባልንጀራዬ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። “ልኩ የሱ ነው” ማለት አይከብደኝም ነበር፤ ግን አላልኩም።

በዚያው ሰሞን እሱ ከተወለደበት አገር ጋር ጦርነቱ ተጀመረ። ሬዲዮ በየሱቁ ጮክ ብሎ ተከፈተ። የሰፈር ጎረምሶች ሊዘምቱ ተመዘገቡ። ጠዋት ጠዋት የምንገባበት ሻይ ቤት እኛ ስንገባ ወሬ ይቋረጥ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ልብ አላልኩትም። አንድ ቀን እሱ ቀርቶ ብቻዬን ስገባ ወሬው አልተቋረጠም፤ ያን ጊዜ ገባኝ። እሱ ቀድሞ ገብቶት ነበር መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ሻዩን በፔርሙዝ ከቤቱ ይዞ ይመጣ ጀመር። ለእኔም ይቀዳልኛል።

ሐምሌ መሐል ላይ እማማ አስጠሩን፤ ሁለታችሁም ኑ አሉ።

ሳሎኑ በር ላይ ስንደርስ ሽታው ተቀበለን፤ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ። ከማንደጃው አፍ ጀምሮ ነጩ ግድግዳ ላይ ጥቁር ዝቃጭ በአራት በአምስት መስመር ወርዷል፤ ምንጣፉ ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ደርቋል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲያነዱ ከርመዋል። እማማ ፎጣ አፋቸው ላይ ይዘው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። በየቃሉ መሐል ያስላቸዋል።

“ሦስት ቀን እንቅልፍ አላየሁም” አሉ። “ይህን መገጣጠሚያ ማነው የሠራው?”

ጠያቂ ዓይናቸው ያረፈው እሱ ላይ ነው፤ የሚያውቁት እሱን፣ ያመኑት እሱን ነውና። እኔ መልስ ሳላዘጋጅ አፌ ተናገረ።

“የለካው እሱ ነው፣ እማማ።”

ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም። ባልንጀራዬ ዞሮ አየኝ። ብዙም አላየኝም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ላሜራ ከመቁረጡ በፊት መስመሩን እንደሚያይ። ከዚያ ወደሳቸው ዞረ።

“አጥፍቻለሁ፣ እማማ” አለ። “ደግሜ እሠራዋለሁ።”

“አይ፣ ይብቃኝ” አሉ። “እኔ አንተን ብዬ ነበር ቤቴን የከፈትኩት። ዘንድሮ እንግዲህ ሰው አይታመንም።”

ይህ ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚለው ነገር ነው። በዚያ ዓመት ለዚያ ሰው ሲባል ግን ሌላ ትርጉም ነበረው፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። እኔ ወደኋላ ቀርቼ ወለሉን ጠረግኩላቸው።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ብዙ ዓመት ራሴን ጠይቄያለሁ። ስሜ እንዳይጠፋ ፈራሁ፣ ይህ አንዱ ነው። ግን ለስሜ የምፈራ ሰው ነኝና ቀድሞም እፈራ ነበር፤ ቀድሞ ግን በሱ ላይ አላመካኘሁም። የዚያን ዓመት በሱ ማመካኘት ቀላል ነበር። ማንም “እርግጠኛ ነህ?” ብሎ እንደማይጠይቀኝ ውስጤ ያውቅ ነበር። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

መንገድ ላይ ደረስኩበት። ጎን ለጎን ሄድን። ሱቁ በር ላይ ስንደርስ ብቻ ቆሞ “የለካሁት ልክ ነበር” አለኝ።

“አውቃለሁ” አልኩት።

“ታውቃለህ” አለ።

በማግሥቱ መሣሪያውን ወሰደ። የላሜራ መቀሱን፣ ሁለት መዶሻ፣ ከአባቱ የወረሰውን የብረት መያዣ ሞርሳ። በጋራ የገዛነውን ምንም አልነካም። ሞርሳውን ከጠረጴዛው ላይ ሲፈታ ብሎኑ ዝጎ አልላላ አለው፤ ተነሥቼ ዘይት ጠብ አደረግሁለት። “አመሰግናለሁ” አለኝ፣ ለማያውቀው ሰው እንደሚባል።

ለቡ በኩል አዲስ ቤቶች ይሠሩ ነበርና እዚያ አንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ደጃፍ ላይ ቦታ አገኘ፤ መስኮትና በር ይበይዳል ሲሉ ሰማሁ። ሁለት ጊዜ ላነጋግረው ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መጀመሪያ ጊዜ ከመንገድ ተመለስኩ። ሁለተኛው ጊዜ እዚያው ደርሼ ከማዶ ሆኜ አየሁት። የመበየጃ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ጎንበስ ብሎ የብረት ዘንግ ይለካል። ማንም አጠገቡ የለም። መሻገር ነበረብኝ። ለአዲስ ዓመት እመጣለሁ፣ እንቁጣጣሽን ሰበብ አድርጌ እታረቀዋለሁ ብዬ ተመለስኩ። እንቁጣጣሽም መጥቶ ሄደ።

መስከረም ሳያልቅ አንድ ማለዳ ሱቁን ስከፍት ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ነጠላዋን ደርባ፣ ልጅቷን በእጇ ይዛለች።

“ወሰዱት፣ ወንድም ጋሼ” አለችኝ። ታላቅ ወንድሟን እንደምትጠራ ነበር ሁልጊዜ የምትጠራኝ።

በዚያ ዓመት ትውልዳቸው ከወዲያ ማዶ የሆኑ ሰዎች እየተያዙ ድንበር እንዲሻገሩ ይደረግ ነበር። ሰምቼ ነበር፤ እንደ ሌላ ሰው ወሬ ነበር የሰማሁት። ሱቁን ዘጋሁ። እሷ ዳቦና ሹራብ ይዛለች፤ እኔ ከቤቴ ብርድ ልብስ ጨመርኩ። ልጅቷን ጎረቤት አስቀምጠን ሰዎቹ ወደተሰበሰቡበት ግቢ ሄድን።

አጥሩ ሥር የሰው ብዛት! ሁሉም ዕቃ ይዟል፤ ሁሉም ስም ይጠራል። ሁለት ቀን ተመላለስን፤ ሁለቱንም ቀን ምግቡ ገባ፣ ሰው ግን አላየንም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አውቶቡሶች መጥተው ግቢው ውስጥ ተደረደሩ። ሚስቱ ወደ ዋናው በር ሮጠች፤ እኔ በአጥሩ በኩል ስዞር በሽቦው መሐል አየሁት። ያን የኔን ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። ጢሙ አድጓል። ጠራሁት፤ መጣ።

ስንት ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። ሽቦውን በሁለት እጄ ያዝኩት።

“የእማማ ቤትስ?” አለኝ እሱ። “ላቡ ቆመ?”

“አልቆመም። አልነካሁትም።”

“ፈልፍለው። ድንጋዩን ቀስ ብለህ ፈልፍለው፣ ቱቦው ኤተርኒት ነው፣ በመዶሻ እንዳትመታው ይሰነጠቃል። አንድ ጋት ከሆነልህ ይበቃል። ከዚያ አንገቱን ሰፋ አድርገህ ከውጭ እቀፈው።”

“እሺ። ስማኝ፣ ያን ዕለት እኔ…”

“ባለቤቴ የታለች?” አለኝ። ዓይኑ በትከሻዬ ላይ አልፎ ሕዝቡን ይፈልጋል።

“በሩ ጋ ናት።”

ዞሮ ወደ በሩ ሄደ። ጠባቂው እኛን ከአጥሩ እንድንርቅ አዘዘን። ሚስቱ አግኝታው እንደሆነ አላየሁም፤ በኋላ ስትነግረኝ እጁን ብቻ በመስኮት አይታለች፤ እሱም የሱ እጅ ይሁን የሌላ እርግጠኛ አይደለችም።

በዚያው ሳምንት እማማ ቤት ሄድኩ። ምድጃው ጠፍቷል፤ እሳቸው ሁለት ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንገቱን የሠራሁት እኔ እንደሆንኩ፣ እሱ አይሆንም እንዳለኝ፣ ልጁን ሐኪም ቤት ይዞ በሄደበት እንደሠራሁት፣ እንደተወሰደም ጨምሬ።

“እኔ ለጭሱ ብዬ ነበር” አሉ። “ሰው አይታመንም ያልኩት ለጭሱ ነበር። እሱ ግን ምን ብሎ ሰማኝ?”

ጎንበስ ብዬ የምድጃውን በር ከፈትኩ።

“መልስልኝ እንጂ!”

“እንደዚያ ብሎ አልሰማዎትም፣ እማማ” አልኳቸው። ይህም ውሸት ነው፤ እሳቸውም አላመኑኝም። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

“ይቅር ይበሉኝ” አልኩ።

“እኔ ይቅር ብልህ ምን ይረባሃል?” አሉኝ። “የበደልከው እኔን ነው?”

ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ያን ቀን እኔው ካልኩት አንዲት ሰዓት አልጨመረም፣ አልጎደለም። በጀርባዬ ተኝቼ፣ በቀጭን መሮ ድንጋዩን በትንሽ በትንሹ አነሣሁ። አቧራው ዓይኔ ውስጥ ይገባል። የተበላሸውን አንገት ነቅዬ ሳወጣ በውስጥም በውጭም ሬንጅ ለብሷል። አዲሱን ሠርቼ ቱቦውን ከውጭ አቀፍኩት። ከዚያ ወዲያ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። እማማ ምድጃውን ሲያነዱ ከፊቱ ወንበር አያደርጉም ነበር፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

እማማ እስከ አቅማቸው ለሚስቱ ጠያቂ ሆኑላት። እኔም በበኩሌ ልጅቷን ጠዋት ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፤ የቤታቸው ጣሪያ ሲያፈስ እጠግናለሁ። አንዳንድ ቀን ደስ የሚል ነገር ይሰማኝ ነበር። አጥሩ ሥር የተነጋገርነውን በልቤ እየደጋገምኩ፣ ጠላት ቢያደርገኝ ኖሮ ያን ሁሉ ባላስረዳኝ፣ ይቅር ብሎኛል ማለት ነው እል ነበር። ይህን አሳብ እንደ ብርድ ልብስ ለብሼ አንድ ዓመት ኖርኩ።

በዓመቱ ከሱ ደብዳቤ መጣ። ስልኩም ፖስታውም ተቋርጦ ስለነበር በሌላ አገር ዞሮ፣ በሰው እጅ ነው የደረሰው። ሚስቱ አስጠራችኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ደኅና ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ያለ አንድ ሞቃት ከተማ ውስጥ ጀልባ ይጠግናል። ስለ ልጁ ትምህርት ይጠይቃል። ከዚያ ሰላምታው ተጀመረ፤ እማማን ሰላም በይልኝ፣ የግቢውን ሰዎች ሁሉ ሰላም በይልኝ፣ የዳቦ ቤቷን ሴትዮ፣ የልጄን አስተማሪ፣ ሰፈር ውስጥ ጫማ የሚሰፋውን ሽማግሌ። በመጨረሻ ትንሽ ቆም አለችና “የሱቁን ወንድሜን እጅግ አድርገሽ ሰላም በይልኝ” ብላ አነበበች።

እንባዬ መጣ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ሻይ ልታፈላ ወደ ማድ ቤት ስትወጣ ልጅቷ ደብዳቤውን አንሥታ “የአባዬን ጽሑፍ እየው” ብላ ሰጠችኝ። ጽሑፉን ከሱቁ አውቀዋለሁ፤ ቀጥ ያለ፣ እንደተለካ። ሰላምታው ጫማ ሰፊው ላይ አልቋል። ከሱ በታች ስሙና ፊርማው ብቻ ነው። ገልብጬ አየሁት፤ ጀርባው ባዶ ነው። አጣጥፌ ለልጅቷ መለስኩላት። ሻዩ ሲመጣ ጠጣሁ፤ አመስግኜ ወጣሁ።

አጥሩ ሥር ስለ ጭስ ማውጫው የጠየቀኝ ይቅር ብሎኝ አልነበረም። የተበላሸ ሥራ ጥሎ መሄድ አልሆንለት ብሎ ነው። እማማ እንዳይታመሙበት ነው። በዚያች ሰዓት ሥራውን የሚያውቀው ሰው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነገረኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ሚስቱ በጅቡቲ በኩል አድርጋ ልትከተለው ተነሣች። አውቶቡስ ተራ ሻንጣቸውን ተሸክሜ ሸኘኋቸው። ለሱ የጻፍኩትን ደብዳቤ ሰጠኋት። አልታሸገም፤ ልታነበው ትችላለች። ዕቃው ጣሪያው ላይ እስኪጫን ቆመን ስንጠብቅ፣ ደብዳቤው ውስጥ ያለውን በአፌም ልነግራት ፈለግሁ።

“በእማማ ቤት የሆነው ነገር…” ብዬ ጀመርኩ።

“አውቀዋለሁ፣ ወንድም ጋሼ” አለችኝ። “በዚያው ዕለት ቤት እንደገባ ነግሮኛል። እህል አልቀመሰም ነበር።”

ሁለት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር ማለት ነው። ልጇን አሳልፋ ስትሰጠኝ፣ ጣሪያዋን ስጠግን ከታች መሰላሉን ስትይዝልኝ፣ የሌለውን ሰላምታ ስታነብልኝ።

“ታዲያ በወሰዱት ጠዋት ለምን ወደ እኔ መጣሽ?”

እንደማይገባው ሰው አየችኝ። “ሌላ ማን ነበረን?” አለች።

ልጅቷ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። አውቶቡሱ ተነሣ።

ለላክሁት ደብዳቤ መልስ አልመጣም። እማማ ከዚያ በኋላ ስድስት ክረምት ኖረው ዐረፉ። እኔም ሱቁን ለሌላ ሰው ለቀቅሁ። ከሃያ ዓመት በኋላ በሁለቱ አገሮች መሐል መንገዱ ዳግም የተከፈተ ጊዜ ከወዲያ የመጡ ሰዎች አዲስ አበባ ውስጥ ይታዩ ጀመር፤ ያገኘሁትን ሁሉ እጠይቅ ነበር። ከሁሉም አንድ ሰው አወቀው። ሚስቱና ልጁ በደኅና ደርሰውለታል። ልጅቷ አግብታ ወልዳለች። እሱ ግን ከሦስት ዓመት በፊት ሞቷል።

“ጥሩ ባለሙያ ነበር” አለኝ ሰውየው። “ዝምተኛ ነበር፤ ስለ ቀድሞው ነገር ብዙ አያወራም።”

ስለ እኔ አንድ ቀን አንሥቶ ያውቅ እንደሆነ ልጠይቀው አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ተውኩት።